ከግራና ያመጣኋቸው ሁለት ክሮች

መምህሬን ያወቅኋቸው በውሃ ምክንያት ነው። ወልዲያ ተቀጥሬ በመጣሁ በዓመቱ፣ የምሠራበት የውሃ ምርመራ ክፍል በየሰፈሩ ካለ ቧንቧ ናሙና ያስወስድ ነበርና ጠርሙሶቼን ይዤ አንድ ግቢ አንኳኳሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ገባሁ። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ሰው የሚያህል ነገር አቅፈው ቆመዋል። መጀመሪያ ቁም ሣጥን የሚጠግኑ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ኮንትራባስ ነው፤ ያ ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባስ። ተማሪ ሳለሁ በግቢያችን ባንድ ውስጥ ባስ ጊታር እጫወት ስለነበር መሣሪያውን በስልክ ቪዲዮ አውቀዋለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም።

ጠርሙሱን ቧንቧው ሥር አድርጌ ስጠብቅ አንዱን ክር በሁለት ጣታቸው ጎትተው ለቀቁት። ጧ አለ። ወዲያው በመዳፋቸው ክሮቹን መቱ። ጧ፣ ጣ፣ ጧ፣ ጣ። ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስል ነበር።

«ውሃው እየፈሰሰ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ጠርሙሱ ሞልቶ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ያለ ጠርሙስ ተመልሼ ሄድኩና እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። «እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። መዳፌን ገልብጠው አዩት፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጎነተሏቸው፣ ከዚያ «ይደማል» አሉ። እሺታቸው ያ ነበር።

በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ባስ ተጫዋች ነበሩ። ክፍሉ ሲበተን ባሱን እንደ አሮጌ እንጨት ከሚሸጥ ዕቃ መሀል አግኝተው ገዙትና በጭነት መኪና አናት ላይ አስረው ወደ አገራቸው አመጡት። ከዚያ በኋላ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገኑ ኖሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ነርስ ናት፤ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት።

«ፈረንጆቹ ስላፕ ይሉታል» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «እኛ ክፍል ውስጥ ጥፊ ነበር የምንለው።»

ጥፊው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ክሩን ከጎን በጣት ይዞ ወደ ራስ መሳብና መልቀቅ ነው። ክሩ ተመልሶ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ጣውላ ሲገርፍ ድምፁና ጩኸቱ አብረው ይወጣሉ። ሁለተኛው፣ በሁለት ድምፅ መሀል መዳፍን ከፍቶ ክሮቹን ጣውላው ላይ መምታት ነው፤ እሱ ዜማ የለውም፣ ምት ብቻ ነው። ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ አንድ ሰው ባስም ከበሮም ይሆናል። «ሰርግ ቤት የሰው ጭብጨባ ሲደክም ጥፊው ይቀበለዋል» ይሉ ነበር።

ለሁለት ወር ባሱን አላስነኩኝም። መዳፌን የማለማምደው በሬዲዮ መጠገኛ ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ ነበር። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ምቴ ፀጉር ታህል ሲዘገይ «ቁሚ» ይላሉ። ምን እንዳጠፋሁ አይነግሩኝም፤ ፈልጌ የማገኘው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤታቸው ስሄድ መንገዱን ሙሉ ጭኔን በመዳፌ እየመታሁ ነበር። ለፈተና እንኳን እንደዚያ ተዘጋጅቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ግን ታገሡ፣ ታገሡና ተነሡ። «ከትከሻሽ አትምጪ። የምታባርሪው ዝንብ ነው እንጂ በሬ አይደለም» ብለው የእጄን አንጓ ብቻ ይዘው አወዛወዙት። ያን ቀን ገባኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባሱን አቀፍኩ።

ያኔ የክሩ ጣጣ መጣ። ባሱ ላይ ያሉት አራቱም ክሮች ብረት ነበሩ። ብረት ለሌላ አጨዋወት ደግ ነው፤ ድምፁ ይረዝማል፣ ቅኝቱም ቶሎ አይወርድም። ለጥፊ ግን ጠላት ነው። ስትስቢው አይመጣም፤ ከመጣም ጣት ቆርጦ ይመለሳል። ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ፣ ፈነዱ፣ ደሙ። ቢሮ ውስጥ ጓንት ሳጠልቅ እንባዬ ይመጣ ነበር። ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬ ብሄድ «ፍቺው፣ ክሩን ማወቅ ያለበት ቆዳሽ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ሌላ ክር የለም?»

«ለጥፊ የተፈጠረው የበግ አንጀት ነው። ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ስትጠሪው ይመጣል። ሲመለስም እንደ ደረቅ እንጨት ነው የሚጮኸው። የመጨረሻው ከተበጠሰብኝ ግን ስንት ዘመን ሆነው።»

እኔ የማገኘውን ሁሉ ሞከርኩ። መጀመሪያ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዛሁ፤ ቀጠነና ሲመታ ጩኸቱ እንደ ላስቲክ ሆነ። ከዚያ ከዕቃ መደብር በጣም ወፍራሙን የልብስ ማስጫ ገመድ አመጣሁ። እሱ ለጣት ጥሩ ነበር፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲለጠጥ ከረመ። ማታ ቃኝተነው ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። መምህሬ በፒንሳ ቆርጠው ጣሉትና ብረቱን መልሰው አሰሩ። «ክር የሚመረጠው በሦስት ነገር ነው» አሉ። «እጅሽ ይችለዋል ወይ? ጣውላው ይወደዋል ወይ? እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ቃሉን ይጠብቃል ወይ?»

ስለዚህ በብረቱ ቀጠልን። የችክችካው ምት ላይ ጥፊው የት እንደሚወድቅ፣ በአምባሰል ቅኝት ላይ የቱ ክር ጣት ሳያርፍበት ባዶውን እንደሚመታ፣ መቼ ዝም እንደሚባል አሳዩኝ። እሳቸው ሲጫወቱ ከመዳፋቸው ምት በኋላ አንዳንዴ ትንሽ ሁለተኛ ምት ትመጣለች፤ ጣ ሳይሆን ጣጣ። ደስ ትል ነበር፤ የቸኮለች ትመስላለች ግን አታዛንፍም። እቤቴ ጠረጴዛ ላይ ለወራት ተለማመድኳት። አልመጣ ስትለኝ እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኋቸው።

«እሷን አይማሯትም» አሉኝና ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ። ምሥጢራቸውን የደበቁኝ መስሎኝ ተቀየምኩ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ልጃቸው ታጨች። ሰርጉ ከሮመዳን በፊት እንዲሆን፣ ድግሱም መርሳ፣ በመምህሬ ታላቅ ወንድም ሰፊ ግቢ እንዲደረግ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን ከሥራ ስወጣ ልጅቱ ሻርፕ ከነጭ ጋውኗ ላይ ጣል አድርጋ የመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከዚያ በፊት ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

«አባባ ሰርጌ ላይ ልጫወት ብሏል። ነግሮሻል?»

«አልነገሩኝም።»

«ይነግርሻል። በብረቱ ስለማይችል ክር ፈልጊልኝ ይልሻል። እባክሽ፣ እንዳታገኚለት።»

ምን እንደምትል አልገባኝም። ፊቷን አየሁት። ያለቀሰች አትመስልም፤ ግን የለቅሶውን ጊዜ ያለፈችው ይመስላል።

«እጁን አላየሽም?» አለችኝ።

«ምናቸውን?»

«ያቺን ድርብ ምት አስተምሩኝ ብለሽው ነበር አይደል? እየሳቀ ነው የነገረኝ። 'ጌጥ መስሏታል' አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እራት ሳይበላ ተኛ።» ሻርፗን አጠበቀች። «በሽታ ነው። እኔ ራሴ ነኝ ሐኪም ጋ የወሰድኩት። እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። መድኃኒቱን አንድ ቀን ይወስዳል፣ አንድ ቀን ያስተኛኛል ብሎ ይተወዋል።»

ለወራት ጠረጴዛ ላይ ስለማመድ የኖርኩት የመምህሬን በሽታ ነበር።

«ያ ሁሉ ሰው ፊት ባሱን አቅፎ እጁ እምቢ ሲለው ማየት አልችልም» አለች። «የሰርጌን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ይሆናል።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መምህሬ ገና እንደተቀመጥኩ ጀመሩ። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚቀመጡት፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን ከዚያ ማንሣት አቃተኝ።

«ልጄን በጥፊ ነው የምድራት» አሉና የራሳቸው ቀልድ ትንሽ አሳቃቸው። «ግን ይሄ ብረት ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔም አርጅቻለሁ። የአንጀት ክር አግኚልኝ። ግራና በኩል ጥጥ የሚነድፉ ሴቶች አሉ፤ የደጋናቸው ክር ከበግ አንጀት የሚፈተል ነው። ሁለቱን ቀጫጭኖቹን ብቻ ይሥሩልን፣ ወፍራሞቹ ብረት ይሁኑ። ጥፊው የሚበዛው ቀጫጭኖቹ ላይ ነው።»

«እርስዎ ለምን አይሄዱም፣ ጋሼ?»

«እኔ ከሄድኩ ልጄ ትሰማለች። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።»

«እሺ» አልኳቸው ለእሳቸውም።

መንገድ ላይ ሁለቱን እሺዎች ይዤ ስሄድ የሆነ ነገር እንደሰረቅሁ ተሰማኝ። ክሩን አላገኘሁም ብል አንድ ቃል ይበቃል፤ ግራና ድረስ መሄድም አያስፈልገኝም። ግን ሳልሄድ አጣሁ ማለት ከበደኝ። ሄጄ ባጣ ይሻላል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

የዚያን ጊዜ መንገድ ሰላም መሆኑን ሳይጠይቁ አይወጣም። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ትናንት ተዘግቶ ነበር፣ ዛሬ ተከፍቷል አሉኝ። በሚኒባስ መርሳ፣ ከመርሳ በባጃጅ ግራና ሄድኩ። ጥጥ የሚነድፉትን እናት ሰው መራኝ። ደጃፋቸው ላይ ቁርበት ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የጥጥ ክምር፣ በእጃቸው ደጋን። ክሩን ይዘው ስበው ሲለቁት ዱም ይላል፣ ጥጡም ይበተናል። አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰላምታውን መልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም ዝም ብዬ የእጃቸውን አንጓ አየሁ። ትከሻቸው ንቅንቅ አይልም። ያን ዓይነት ልቅ እጅ ለማግኘት ሁለት ዓመት ደም አፍስሻለሁ።

የምፈልገውን የሁለት ክር ርዝመትና ውፍረት በገመድ ለክቼ አሳየኋቸው።

«የምን ደጋን ነው እንዲህ የሚረዝም?»

መዋሸት እችል ነበር። «ደጋን አይደለም እናቴ፤ የሙዚቃ መሣሪያ ነው።»

እጃቸው ቆመ። «ለዘፈን?»

«አባት ለልጃቸው ሰርግ ሊጫወቱበት ነው። አርጅተዋል። ብረቱ እጃቸውን አስቸገራቸው።»

ደጋኑን ቁርበቱ ላይ አኖሩት። እምቢ ቢሉ ብዬ ተመኘሁ፤ እምቢ ቢሉ ሁሉም ነገር በእሳቸው ላይ ያልቅልኝ ነበር።

«ወላሂ ለዘፈን ፈትዬ አላውቅም» አሉ። «አባት ለልጁ ከሆነ ግን እንጃ፣ አላህ ያውቃል። ለቀጭኑ የሦስት በግ አንጀት ይበቃል፣ ለወፍራሙ አምስት። ቶሎ ካደረቁት ይሰነጠቃል፤ በአሥር ቀን ኢንሻአላህ ተመለሽ።»

በአሥረኛው ቀን ስመለስ ሁለት ክር ከበራቸው መቃን ላይ ተወጥሮ አገኘሁ፤ እንደ ማር የጠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የተፈተለ። አንዱን ፈትተው ጫፉን አስያዙኝና በሙሉ ክብደታቸው ወደ ኋላ ተደገፉበት። አልተበጠሰም። «አብሽሪ፣ ይችላል» አሉኝ። በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ይበጠስ ይሆናል ብለው አንድ ሦስተኛ እንደሚያዘጋጁም ነገሩኝ፤ የሚጫወቱት አባት ወልዲያ የት ሰፈር እንደሚኖሩ ጠይቀውኝም ነገርኳቸው። እኔ ግን በዚያን ሰዓት የማስበው ሌላ ነበር። ለመምህሬ ምን እላለሁ?

«አላገኘሁም» አልኳቸው በማግሥቱ። በስልክ ነበር፤ ፊት ለፊት አልደፈርኩም።

«እሺ፣ ምን ይደረግ» ብለው ዘጉት።

ክሮቹን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ቤቴ ሳስቀምጣቸው ሽታቸው ያስታውሰኛል፤ ስለዚህ በእጅ ቦርሳዬ ይዣቸው እዞር ነበር። ለስድስት ቀን ቢሮ ስገባ ከእኔ ጋር ይገባሉ፣ ስወጣ ይወጣሉ። ለልጅቱ አላገኘሁም እንዳልኳቸው መልእክት ልኬላት ነበርና ደውላ አመሰገነችኝ። ምስጋናዋ ከምንም በላይ ከበደኝ።

ቅዳሜ መምህሬ ቤት ስደርስ ጠረጴዛው ላይ አንድ የአንጀት ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በቆምኩበት ቀረሁ።

«ከግራና ነው» አሉ። «የሴትየዋ አማች ለገበያ ወልዲያ መጥቶ ያ ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ያለው ሰውዬ የት ነው ብሎ ሰፈር ጠይቆ አገኘኝ። ይሄ መጠባበቂያው ነው አለኝ። ሁለቱ የት አሉ?»

ቦርሳዬን ከፍቼ አወጣኋቸው። ጨርቁን ፈትቼ ከሦስተኛው አጠገብ አኖርኳቸው።

«ልጄ ናት?» አሉ።

በራሴ አዎ አልኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰርጉ ከተቆረጠ ጀምሮ።»

ክሮቹን ወስደው በጣቶቻቸው መሀል አንከባለሏቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «ፒንሳውን አምጪ» ብቻ አሉኝ።

አብረን አሰርናቸው። ሁለቱን ቀጫጭን የብረት ክሮች አንሥተን በአንጀቱ ተካን፤ አንጀቱ ስለሚወፍር የሚያልፍበትን ስንጥቅ በሞረድ አሰፋሁት። ለሦስት ቀን ከሥራ እየመጣሁ ቃኘሁት። አዲስ አንጀት እስኪደላደል በየሰዓቱ ይወርዳል፤ ሲሞቅ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ግን ክሩን ስበው ሲለቁት ቤቱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ መለሰለት። ደረቅ፣ አጭር፣ ደማቅ። እኔም ሞከርኩት። ጣቴን አልቆረጠኝም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከክሩ በቀር ስለ ሌላ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ዓይኔንም አላዩኝም።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ባሱን በፍራሽ ላይ አስተኝተን በብርድ ልብስ ጠቅልለን የሰርጉን ወንበሮች በሚያጓጉዝ አይሱዙ ላይ ጫንነው። እኔ፣ መምህሬና ሹፌሩ ከፊት ተቀመጥን። ኪቦርድ ተጫዋቹና ዘፋኙ ቀድመውን ሄደዋል። ከወልዲያ እንደወጣን ኬላ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ አንድ የታጠቀ ወጣት ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ብርድ ልብሱን ነካ ነካ አደረገው። ከቅርጹ አስከሬን ይመስላል።

«ምንድን ነው?»

«የሙዚቃ መሣሪያ ነው» አለ ሹፌሩ።

«ፍቱት። አውርዱት።»

ፈትተን አስፋልቱ ዳር አቆምነው። ወጣቱ በባሱ ቀዳዳ በኩል የስልኩን መብራት አስገብቶ አየ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን አቁመዋል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ያየናል።

«ማነው የሚጫወተው?»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። «እኔ» አሉ መምህሬ።

«እስቲ ይጫወቱት፣ እንስማ።»

ባሱን አቀፉ። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። በዚያ ጠዋት መድኃኒታቸውን አልወሰዱም ነበር። እጃቸው ክሩ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እንደማውቀው ትንሽ ሳይሆን እስከ ክርናቸው ድረስ። ወጣቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጠብመንጃውን አስተካከለ።

«ምን ያንቀጠቅጥዎታል፣ አባት? የደበቁት ነገር አለ?»

ሹፌሩ እጁን ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣ። መምህሬ ግን እጃቸውን አላወረዱም።

«አለ» አሉ። «የምደብቀው እጄን ነው። በሽታ ነው። ልጄ ታውቃለች። ይቺም ታውቃለች፤ ማወቋን የማላውቅ መስሏት ዝም ትላለች። ሰው ፊት ስናገረው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»

ወጣቱ ሌላውን ጓዱን አየ። «ይተዉት በቃ። ይለፉ።»

«ጠይቀኸኝ የለ? ስማ እንጂ።»

ጎተቱት፣ ለቀቁት። ጧ። መዳፋቸው መጣች፤ ጣጣ። አራት ዙር ያህል ተጫወቱ። አንዱ ዙር ተሰበረ፣ ሊያድኑትም አልቻሉም፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ። ሌላኛው ጠባቂ ፈገግ ብሎ ዞር አለ። ወጣቱ አልሳቀም። ባሱን ስንጭን የታችኛውን ጫፍ ይዞ አገዘን።

እስከ መርሳ ድረስ ይቅርታ ልበላቸው ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ከተማው ሲታየን «ቀጭኑ ወርዷል፣ ስንደርስ ቃኚው» አሉኝ።

ዳሱ ከማንጎ ዛፎቹ ሥር ነበር የተጣለው። ኒካውን ያሰሩት ሼህ በልተው፣ መርቀው እስኪሄዱ ሙዚቃ አልተጀመረም። ያን ሁሉ ጊዜ ባሱ አጠገብ ተቀምጬ ሙቀቱ የሚያወርደውን ክር አጠብቅ ነበር። ሙሽራዋ ስትገባ ባሱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቃሌን እንዳጠፍኩ ለማወቅ ሌላ አላስፈለጋትም።

መምህሬ የመግቢያውን ዘፈን ተጫወቱ። የመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ ነበር፤ ጭብጨባው እንኳ በእሳቸው ተመራ። ከዚያ እጃቸው ከበደ። ጥፊው አንድ ጊዜ ዘገየ፣ አንድ ጊዜ ጭራሽ ቀረ። ኪቦርዱ ሊሸፍናቸው ድምፁን ጨመረ። ሙሽራዋ የባሏን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ ዓይኗን ከአባቷ አልነቀለችም። እሳቸው ጥፊውን ተዉት። ቀሪውን በወፍራሞቹ ክሮች ብቻ፣ በየምቱ መጀመሪያ አንድ አንድ ድምፅ እየጣሉ ጨረሱት። ሰው እልል አለ። ብዙው ሰው አንድም ነገር የጎደለ አልመሰለውም።

«ተረከቢ» አሉኝ።

ሰባት ዘፈን ተጫወትኩ። ደህና ነበር፣ ከዚያ በላይ አይባልም። ሁለት ጊዜ ምት ሳትኩ፤ አንዴ ወፍራሙ አንጀት ሸርተት ብሎ በዘፈን መሀል ቃኘሁት። መምህሬ ከወንድማቸው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ሳይደብቁ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር። አንድ ዘመዳቸው ጎንበስ ብሎ ስለ እጃቸው ሲጠይቃቸው፣ እሳቸውም ሲመልሱ ከሩቅ አየሁ።

ሙሽራዋ ያን ቀን አላናገረችኝም። ከወር በላይ ቆይታ ደወለች። ተቆጥታ እንደነበር ነገረችኝ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ እንዳልወጣላት አልደበቀችም። «ግን አሁን መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል» አለች። «የሰርጉ ዕለት ሰው ሁሉ ስላወቀ የሚደብቀው ነገር የለውም። እኔ ስለምነው የነበረው ሁለት ዓመት ነው።» ደስ ብሏት ይሁን አዝና ከድምፅዋ መለየት አቃተኝ።

መምህሬ ስለዚያ ውሸት አንድ ቀን ብቻ አነሡብኝ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ቅዳሜ ነበር፤ እኔ እየተጫወትኩ፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ። ራሳቸው ጥፊ መጫወት ትተዋል፤ አሁን የሚያስተምሩኝ በአፋቸው ነው።

«ሁለታችሁም ለእኔ አስባችሁ ነው» አሉ። «ይገባኛል። ግን ልጄ አንቺን ጠየቀች፣ አንቺ ግራና ድረስ ሄደሽ የማታውቂያቸውን ሴት ጠየቅሽ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ብጠይቅዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

አሰቡ። «እጫወታለሁ ነበር የምል። እንደማይሆንልኝም አውቄ።»

ባሱን አቅፌ ቆምኩ፤ እሳቸውም ዘፈኑን ከየት እንዳቋረጥኩት ነገሩኝ።